እናት ኩዌት፣ አባት ጅቡቲ መስመር ላይ፤ ልጆቹ ግን እኔ ጋ ናቸው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምክር ዓምድ አዘጋጅ።

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ በኩል ነው። ታላቅ እህቴ ለሥራ ኩዌት ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ሁለት ልጆቿን የምይዘው እኔ ነኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 8 ዓመቱ። ትንሿ 3 ዓመቷ ነው። ባለቤቷ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲመጣ ሁለት ሦስት ቀን ያድርና ይሄዳል። እናታችን ጭሮ ናት። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም ደክሟል። ትልቁ ከዚራ በኩል ነው የሚማረው። ትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ "በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው" በሚለው ቦታ የተሞላው የአባትየውና የእናታችን ስልክ ነው።

ከወር በፊት ትንሿ ማምሻውን ሞቅ አላት። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ልብሷን አወለቅኩላት፣ አጠብኳት፣ አስተኛኋት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ሰውነቷ ግትር አለ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር። የሞተች መሰለኝ። ጮህኩ። ጎረቤታችን ሐጅያ መጡ፣ ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። ሌላው ማንኪያ አፏ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል። እኔ ስልክ እሞክራለሁ። የአባትየው ዝግ ነው። እህቴ ስልኳን የምትይዘው ማታ ሥራ ስትጨርስ ብቻ ነው። እናቴ አነሳች፣ ግን ጭሮ ሆና ምን ታደርጋለች? አልቅሳ አስለቀሰችኝ። የሐጅያ ልጅ ባጃጁን አስነስቶ ሆስፒታል አደረሰን። እዚያ ስንደርስ መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር።

ነርሷ "እናቷ ነሽ?" አለችኝ። አክስቷ ነኝ አልኳት። "ኪሎዋ ስንት ነው? ክትባቷን ጨርሳለች? ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጓት ያውቃል? የማይስማማት መድኃኒት አለ?" ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። የክትባት ካርዷ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ደሟ ተመረመረ፣ ወባ የለባትም ተባለ። የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው፣ መንቀጥቀጡ ከትኩሳቱ የመጣ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተው ጠዋት ሸኙን። አሁን ደህና ናት።

ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። አባትየው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሲሰማ "ለእናቷ እንዳትነግሪያት። ሥራውን ጥላ ትመጣለች፣ ዕዳው አላለቀም" አለኝ። ትልቁንም "ለእማዬ እንዳትናገር" አለው። እህቴ በየማታው በኢሞ ትደውላለች። "ልጆቼ እንዴት ናቸው?" ትለኛለች። "ደህና ናቸው" እላታለሁ። ትልቁ ድሮ ስልኩን ከእጄ ይነጥቅ ነበር። አሁን ሲደወል ወደ ውጭ ይወጣል።

ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ልጆቹን ጭሮ ወስጄ ለእናቴ ልስጣት? እኔ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። "ለስድስት ወር ብቻ" ተብዬ ነው ሥራዬን የተውኩት። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

የጨነቃት አክስት፣ ከድሬዳዋ

*

የኔ እህት፣

"ለአንዱም መልስ አልነበረኝም" ያልሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። ያን ሌሊት የምታስታውሺው በዚህ እንደሆነ ይገባኛል። ደብዳቤሽ ላይ ግን ሌላም ነገር አለ። ጮኸሽ ሰው ጠራሽ። ስልኮቹ እምቢ ሲሉ ቁጭ ብለሽ አልጠበቅሽም። በሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል አደረስሻት። እናቷ ብትኖር ከዚህ ሌላ ምን ታደርግ ነበር? ማምሻውን "የድሬ ሙቀት ነው" ማለትሽንም እባክሽ በራስሽ ላይ አትያዥው። እናንተ ጋ በሙቀቱ ወራት ልጅ ሁሉ ሲነካ ይሞቃል። በእጅ ዳብሶ ማንም አይለየውም። ከፋርማሲ አንድ ቴርሞሜትር ግዢ። ብብቷ ሥር አድርገሽ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየሽ ትኩሳት ነው፣ የአየሩ ሙቀት አይደለም። መገመቱ ይቀርልሻል።

ሌሊት የሚያስነሳሽ ፍርሃት ስለሆነ ስለ መንቀጥቀጡ ትንሽ ልቆይ። በትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ሲያዩት ነፍስ ያስጨንቃል። ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በራሱ ይቆማል፣ ልጁ ላይም ጉዳት ጥሎ አይሄድም። አንድ ጊዜ ከያዛቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ሌላ ትኩሳት ሲመጣ ይደገምባቸዋል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ቢመጣ ምን እንደምታደርጊ አውቀሽ እንድትተኚ ነው።

በጎኗ አስተኚያት። በአጠገቧ ያለውን ጠንካራ ነገር አርቂ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ አላዪው። ከዚያ ሰዓት እይ። አፏ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም። ጥርሷ ይሰበራል ወይም ያንቃታል። እንዳትንቀሳቀስ ብለሽ አትያዣት። ክብሪቱንም ጎረቤት በቅንነት ነው ያመጣው፤ ግን ጭሱ መንቀጥቀጡን አያቆመውም፣ ትንፋሿን ብቻ ያስቸግራል። በደህናው ቀን፣ ቡና ላይ፣ ለሐጅያና ለግቢው ሰው ይህንኑ ንገሪያቸው። በዚያ ሰዓት ማስረዳት አይቻልም። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ከቆመ በኋላ ከተደገመ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ቆሞም ካልነቃች ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ቶሎ ቢቆምም በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ድሬ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወባ ያለበት ከተማ ስለሆነ ልጅ ሲያተኩሰው "ነገ ይሻለው ይሆናል" ብሎ ማሳደር ደግ አይደለም። በዚያው ቀን ደሟ ይታይ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የደንጊ ትኩሳት ከተማችሁን አጥቅቶ ነበር። ደንጊ ከተጠረጠረ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን እና ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ አይሰጡም። ስለዚህ ሐኪም ሳያያት ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ ይኑርሽ፣ እሱም በኪሎዋ ልክ። ፋርማሲስቱ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው። ውሃ የምታጠራቅሙበትን በርሜልና ጀሪካንም ክደኑት። ወባና ደንጊ የሚያስተላልፉት ትንኞች ከተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላሉ፣ የደንጊዋም በቀን ነው የምትናከስ። ልጅቷ በቀን ስትተኛም አጎበር ሥር ትሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ወጣልኝ። ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ሰጥተውሻል፣ ሥልጣኑን ግን ይዘውት ሄደዋል። ልጅ ሲታመም የምትሮጪው አንቺ ነሽ፤ የልጅቷን ታሪክ የምታውቀው ኩዌት ናት፤ የሚወስነው የድንበሩን ከተማ ደወሌን ተሻግሯል፤ ስልክ የሚነሳው ጭሮ ነው። እንዲህ ሆኖ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? የጎደለሽ ብርታት አይመስለኝም። የጎደለው ከደህናው ቀን ጀምሮ መሰናዳት የነበረበት ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ አሁንም ይደርሳል።

ከትምህርት ቤቱ ፎርም እንጀምር። ያንቺ ስልክ እዚያ ላይ የለም! ልጁ ክፍል ውስጥ ወድቆ እጁ ቢሰበር ጅቡቲና ጭሮ ሊደውሉ ነው። ጭሮ ከእናንተ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እናትሽን አስደንግጦ ስኳሯን ከመቀስቀስ በቀር ጥቅም የለውም። በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ማለት በግማሽ ሰዓት ውስጥ በእግሩ ወይም በባጃጅ መድረስ የሚችል ሰው ነው። ነገ ጠዋት ልጁን ስታደርሺ ወደ ቢሮ ግቢና አስለውጪው። አንደኛ ያንቺ ስልክ፣ ሁለተኛ ሐጅያ ወይም ልጃቸው። አባትየውና እናትሽ ከሥር ይሁኑ።

እዚያው እያለሽ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ልጁ ከዚራ ይማራል፣ ቤታችሁ መጋላ በኩል ነው፣ መሃል የደቻቱ ወንዝ አለ። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም፤ አንቺም በልጅነትሽ ሳትሰሚው አልቀረሽም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ይመጣል። ደቻቱ ሞልቶ መሻገር ባትችዪ ልጁ ማን ጋ ይቆያል? ትምህርት ቤቱ እስክትደርሺ ያቆየዋል? ወይስ እዚያው ከዚራ የሚኖር የክፍል ጓደኛው እናት ትወስደዋለች? ከክረምቱ በፊት ይህ ይለይ። ለልጁም በደንብ ይነገረው፤ ጎርፍ ካለ ብቻውን ወደ ቤት አይነሳም።

ሐጅያንና ልጃቸውን በተመለከተ፣ ያን ሌሊት የደረሱልሽ ሳትጠሪያቸው ነው። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን ግን በግልጽ ጠይቂያቸው። ልጁን "ሌሊት ብደውልልህ ትነሳልኛለህ? ባጃጁ ከሌለህ ማንን ልጥራ?" በይው። ሰው በቀና ልብ የሚያደርገውን ነገር ቀድሞ ሲጠየቅ ደግሞ ያዘጋጅበታል። ስልኩን ከትራሱ አያርቅም፣ ነዳጅ አይጨርስም። ሒሳቡንም አባትየው ይቻለው። ለባጃጅ፣ ለካርድና ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ ይደር፤ ከአስቤዛው ጋር አይቀላቀል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑንም ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

አንድ ልጠይቅሽ። አንቺ ትንሿን ይዘሽ ስትሮጪ ትልቁ የት ቀረ? ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም። ምናልባት ሐጅያ ጋ አድሮ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ በር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ጊዜ እሱን የምትይዝ አንዲት ሴት በስም ትታወቅ። ልጁም ይወቃት፤ "እኔ ከወጣሁ አንተ እዚህ ቤት ትሄዳለህ" ተብሎ ይነገረው።

ስልኩስ? አባትየው ድንበር ሲሻገር የኢትዮጵያው ሲም ላይሠራ ይችላል። ታዲያ የጅቡቲ ሲም የለውም? ካለው ቁጥሩ ለምን አንቺ ጋ የለም? የረዳቱ ቁጥር፣ አብሮት የሚጓዝ የአንድ ሹፌር ቁጥር፣ የስምሪት ቢሮው ቁጥር፣ ሁሉም ይኑርሽ። ሲነሳ "ዛሬ ወጣሁ፣ ደወሌ ደረስኩ፣ ነገ እጭናለሁ" ብሎ አጭር መልእክት ቢጥልልሽ አይከብደውም። ኩዌትም እንዲሁ። እህትሽ የአሠሪዋን ቤት ስልክ ወይም ቀን ቀን ስልክ የምትይዝ ጓደኛዋን ቁጥር ትስጥሽ። መቼ እንደሚደወልበት ደግሞ ተስማሙ። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ኦፕራሲዮን ሲባል። ለጉንፋን አይደለም።

ስለ ወረቀቱ። የድሬዳዋ ቤተሰቦች የሚዳኙት በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በሕጉ የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት አባትና እናት በጋራ ናቸው። አክስት ምንም ያህል ብታሳድግ ያለ ወረቀት በሕግ ፊት ይህ ሥልጣን የላትም። ነፍስ አድን ሕክምና ፈቃድ እስኪመጣ ብሎ አይቆምም፤ ይህን በመፍራት ልጅ ይዘሽ ከመሄድ ፈጽሞ እንዳትዘገዪ። ነገር ግን ለኦፕራሲዮን ፊርማ ሲፈለግ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር፣ የልደት ካርድ ጉዳይ ሲመጣ "ወላጅ ይምጣ" ይሉሻል። መፍትሔው ውክልና ነው። እህትሽ ኤምባሲ ድረስ ለመሄድ ከአሠሪዎቿ ማስፈቀድ ይኖርባታል፣ ይህ ቀላል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በአባትየው ጀምሩ። ድሬ የሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ አላት። በሚያድርባቸው ቀናት አንዱን ጠዋት አብራችሁ ሂዱ። ምን ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ግን አንድ ቀን ቀድመሽ ጠይቂ፤ እሱ ለሁለት ቀን መጥቶ በጎደለ ፎቶ ኮፒ መመለስ የለበትም። ውክልናው ላይ ልጆቹን ማሳከም፣ ለሕክምና መፈረም፣ ከትምህርት ቤት ማውጣትና ማስገባት በግልጽ ይጻፍ። እስከዚያው በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር ይተውልሽ። የውክልና ያህል ጉልበት የለውም። ቢሆንም ጥያቄ ሲመጣ ባዶ እጅሽን አትቆሚም።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። ነርሷ የጠየቀችሽን አራቱንም ጥያቄ በራሱ ገጽ ጻፊው። ኪሎውን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ አስመዝኚ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ አድሺው። ያን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደጀመራት፣ ምን ያህል እንደቆየባት፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣት ሳትረሺው አስፍሪ። ቀሪዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ግን አንቺ ልትመልሻቸው አትችዪም። ክትባቱን የት አስከተበቻት? ካርዱን የት አስቀመጠችው? በሕፃንነቷ እንዲህ አድርጓት ያውቃል? የማይስማማት መድኃኒት አለ? እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በቤተሰብ ውስጥ የሚታይ ስለሆነ ሐኪሙ "እናቷን ወይ አባቷን በልጅነታቸው አድርጓቸው ነበር?" ብሎም ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የምታውቀው እህትሽ ናት።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አንድ ነው። እህትሽ ማወቅ አለባት።

አባትየውን ክፉ አላልኩትም። ዕዳ አለ፣ ኮንትራት አለ፣ ሚስቱ በሰው አገር ብቻዋን ናት። እንዳትደነግጥ ብሎ ነው። ለእሷ መጨነቁን ሳልክድ ግን ውሳኔው ትክክል አይመስለኝም። እናት ስለ ልጇ ሕመም ያላትን መረጃ ዘግቶባታል፤ በመረጃው እጦት የሚጎዳው ደግሞ ሕፃኗ ናት። ሌላም አለ። እህትሽ አንድ ቀን ትሰማለች። ከጎረቤት፣ ከእናታችሁ፣ ወይም ልጁ አፍ አምልጦት። እናትሽ እኮ ያን ሌሊት ስልኩን አንስታለች። ያን ቀን "ደህና ናቸው" ያልሻት ማታ ሁሉ ይታወሳታል። ከዚያ በኋላ እውነት ደህና ሲሆኑም አታምንሽም። በሩቅ ያለች እናት የያዘችው ያንቺን ቃል ብቻ ነው።

ከጀርባው ግን አትንገሪ። መጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። "ካንተ ጋር ሆነን ብንነግራት ይሻላል። በሚቀጥለው ስትመጣ አብረን እንደውል። ያ ካልሆነልህ እኔ እነግራታለሁ" በይው። ሳትቆጪ፣ ግን ቀኑን ቆርጠሽ። ሳምንታት እንዲጎተት አትፍቀጂ።

ስትነግሪያት ከመጨረሻው ጀምሪ። "ልጆቹ ሁለቱም አጠገቤ ናቸው፣ ደህና ናቸው" ብለሽ ካሜራውን አዙሪላት፣ ትያቸው። ከዚያ "ከወር በፊት ትንሿን አተኩሷት ሆስፒታል ወስጃት ነበር" በይ። መንቀጥቀጡን አትዝለዪው። ምርመራው ምን እንዳለ፣ ምን እንደወሰደች፣ አሁን ምን እንዳዘጋጀሽ ንገሪያት። ቶሎ ብለሽ ደግሞ ሥራ ስጪያት። "ካርዷ የት ነው? የምትከተበው የት ነበር?" ሩቅ ያለች እናትን የሚያብከነክናት ምንም ማድረግ አለመቻሏ ነው። የምትመልሰው ጥያቄ ስታገኝ ትንሽ ትረጋጋለች። ታለቅስ ይሆናል። "ለምን እስካሁን?" ትልሽም ይሆናል። "ፈርቼ ነው፣ ከአሁን በኋላ ግን አልደብቅሽም" ብለሽ መልሺላት። ለንግግሩ ሥራ የማትቸኩልበትን ማታ ምረጪ። እናትሽም በማግስቱ ትደውልላት።

አሁን ስለ ትልቁ ልጅ። "ስልኩ ሲደወል ወደ ውጭ ይወጣል" ያልሽኝ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። እህቱ ስትንቀጠቀጥ አይቷል፣ አንቺ ስትጮኺ ሰምቷል፣ ከዚያ "ለእማዬ እንዳትናገር" ተባለ። እናቱን ካየ የሚያመልጠው ስለመሰለው ይሸሻታል። በሳምንት ውስጥ የምትወስኚው አንድ ነገር ብቻ ቢኖር እሱን ከዚህ ማውጣት ይሁን። ወደ ሱቅ ስትሄዱ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ "ያን ሌሊት አስታወስከው?" ብለሽ ጠይቂው። ዝም ቢል አታጣድፊው። አንዳንድ ልጅ "እኔ ነኝ ያደረግኋት" ብሎ ያስባል፤ ስላስለቀሳት፣ አሻንጉሊት ስለቀማት። እንዲህ የሚያስብ ከሆነ በግልጽ ንገሪው፤ የጉሮሮ ሕመም ነው፣ ማንም አላደረገም። "እናትህ ትነገራለች፣ እኛ ትልልቆቹ ነን የምንነግራት፣ አንተ የምትደብቀው ነገር የለም" በይው። ሲነገራት አጠገብሽ ይሁን። ከፈለገ ደግሞ አንድ ሥራ ስጪው፤ ድንገት ቢሆን የሐጅያን በር የሚያንኳኳው እሱ ይሁን። ካልፈለገ ይቅርበት፣ ልጅ ነው።

ጭሮስ? እኔ አሁን አልወስዳቸውም ነበር። እናትሽ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷ ደክሟል፤ ሌሊት ሦስት ዓመት ልጅ ተሸክማ የምትሮጠው እሷ ልትሆን ነው። ልጁም ትምህርት ቤቱን፣ ጓደኞቹን፣ አባቱን ይለቃል። እናታቸው ከሄደች ወዲህ ሁለተኛ መለየት ነው። ክረምት ሲዘጋ ለጥቂት ሳምንት አያታቸው ጋ መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለሁላችሁም ደስ ይላል። ይህን ስልሽ ግን "እንግዲህ ቻይው" ማለቴ አይደለም።

"ለስድስት ወር" ተብለሽ ገባሽ፣ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ። ይህን መጠየቅ ልጆቹን አለመውደድ አይደለም። እህትሽን ስትነግሪያት፣ በዚያው ማታ ባይሆን በሳምንቱ፣ ይህንንም አንሺ። "ኮንትራትሽ የሚያልቀው መቼ ነው? እስከዚያ እኔ ለድካሜ በወር ስንት አገኛለሁ?" በያት። ከምትልክላችሁ ገንዘብ ውስጥ ያንቺ ድርሻ ለብቻው ይታወቅ። በሳምንት ጥቂት ቀን ግማሽ ቀን ልጆቹን የምትይዝ ሴት ብትቀጠር ወደ ሱቅሽ መመለስ ትችያለሽ ወይ? የቀድሞ አሠሪሽን ጠይቀሻታል? ምናልባት ለከሰዓት ሰው ትፈልግ ይሆናል። አንቺስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ ስለ ሁሉም ጽፈሽ ስለ ራስሽ ያነሳሽው ሁለት መስመር ብቻ ነው። መቀጠል አልችልም ብለሽ ከወሰንሽ ደግሞ በጊዜ ንገሪያቸው፣ ሌላ መላ እስኪፈልጉ ሁለትና ሦስት ወር ስጪያቸው። ከዚህ በላይ ዕዳ የለብሽም።

"አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ብዬ እመልሳለሁ?" ላልሽው፣ ልጅ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖም ይታመማል። አንቺ የምትጠየቂው የሚቻለውን ስለማድረግሽ ነው፤ ያን ሌሊት ደግሞ አድርገሻል። ሌሊት ትንፋሿን ማዳመጡ ይህን ሁሉ ካሰናዳሽም በኋላ ካልተወሽ፣ መብላት ካስጠላሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ ትንሿን ለምርመራ ስትወስጂ ለራስሽም ካርድ አውጪ። እንዲህ ያለ ድንጋጤም ይታከማል።

እስከዚያ ግን እንቅልፍ ያስፈልግሻል። አባትየው በሚቀጥለው ሲመጣ አንዱን ሌሊት ልጆቹን ይዞ እሱ ይደር። አንቺ ሐጅያ ጋ ወይም ጓደኛሽ ጋ ሄደሽ ተኚ። ከመውጣትሽ በፊት ቴርሞሜትሩን፣ ደብተሩንና ልጅቷ በጎኗ እንዴት እንደምትተኛ አሳዪው።